ጆይስን በጆሮ ማንበብ፦ ከየት ልጀምር ለምትሉ

የአየርላንዱን ደራሲ ጄምስ ጆይስን ለማንበብ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው። «ዩሊሲስ» የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ልብ ወለድ ነው ሲባል ይሰማል። መጽሐፉን ይገዛል ወይም ያወርዳል፣ ከገጽ 1 ይጀምራል፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይቆማል። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት፣ ያውም ሁለት ጊዜ። መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ መልሼ «ይሄ ሰውዬ ለእኔ አልጻፈም» ብዬ ተውኩት። የገባሁበት በር የተሳሳተ መሆኑ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው እናንተ በሌላ በር እንድትገቡ ነው። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፣ የቀረው ሁሉ ከሱ ይመጣል፦ ጆይስን በጆሯችሁ አንብቡት። ጮክ ብላችሁ፣ ቤት ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ወይም ከጓደኛ ጋር እየተቀባበላችሁ። ዓይን ብቻውን ገጹ ላይ ሲሮጥ የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ ጆሮ ሳይቸገር ያልፋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ስለ ሰውዬው ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ሰውዬው

ጆይስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. ደብሊን ውስጥ ራትጋር በሚባል ሰፈር ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ጆን ስታኒስላውስ ጆይስ ከኮርክ የመጣ፣ ድምፁ ያማረ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መጠጥም የሚወድ ሰው ነበር። የወረሰውን ንብረት ቀስ በቀስ ጨረሰው። ቤተሰቡ ከደህና ሰፈር ወደ ደከመ ሰፈር እየወረደ በየጊዜው ኪራይ ቤት ሲቀያይር፣ ልጁ ከተማዋን መንገድ በመንገድ በእግሩ አወቃት። በሕይወት የቀሩት አስር ልጆች ነበሩ፣ ታላቃቸው ጄምስ ነው።

ገንዘቡ ሲያልቅ ዘፈኑ አላለቀም። ጄምስ የአባቱን ድምፅ ወርሶ በ1904 ፌሽ ኪዮል በሚባለው የደብሊን የሙዚቃ ውድድር ላይ ዘፍኖ የነሐስ ሜዳልያ አግኝቷል። ዘፋኝ ሆኖ መኖርም አስቦ ነበር። ዓይኑ ደግሞ ከልጅነቱ ደካማ ነበር። ጎልማሳ ሲሆን ሕመሙ እየባሰ ሄዶ ደጋግሞ ቀዶ ጥገና አደረገ፣ ጭራሽ ማየት የተሳነው ጊዜም ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ማየት የሚቸግረው፣ መዝፈን የሚያውቅ ሰው ነው የሚጽፈው። ዓረፍተ ነገሮቹ ለጆሮ የተሠሩት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተማረው ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ዘንድ ነው። መጀመሪያ ክሎንጎውስ ዉድ በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፣ የአባቱ ኪስ ሲሳሳ ከዚያ ወጣ። በኋላ ቤልቬዴር ገባ፣ ቀጥሎ የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ። በወጣትነቱ ቤተ ክርስቲያኗን ተወ። የቅዳሴው ዜማና የላቲኑ ቃል ግን እስከ መጨረሻው ከጽሑፉ አልወጡም።

በኦገስት 1903 እናቱ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ጁን 10 ቀን ናሶ ጎዳና ላይ ኖራ ባርናክል የምትባል፣ ከጎልዌይ የመጣች፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ወጣት አገኘ። አብረው ለሽርሽር የወጡት ጁን 16 ነው። ያን ቀን ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን። በኦክቶበር ሁለቱ ተያይዘው አገር ለቀው ወጡ። ትሪየስት ላይ እንግሊዝኛ እያስተማረ፣ እየተበደረ፣ ጆርጆና ሉቺያ የሚባሉ ሁለት ልጆች እያሳደገ ብዙ ዓመት ኖረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ ዙሪክ፣ ከ1920 ጀምሮ ወደ ፓሪስ። ሉቺያ አእምሮዋ ታሞ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትንከራተት የአባትየው የመጨረሻ ዓመታት በዚያ ጭንቀት ነው ያለፉት። ጃንዋሪ 13 ቀን 1941 ዙሪክ ውስጥ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ።

ከ1912 በኋላ አየርላንድን አልረገጠም። ልብ ወለዶቹ ግን በሙሉ የደብሊን ናቸው። ስደት ላይ ያለ ሰው የሰፈሩን ሱቆች በቅደም ተከተል ሲቆጥር ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። የጆይስ ናፍቆት እንደዚያ ነው፣ ትንሿን ነገር አይጥልም።

መግቢያው በር፦ «ደብሊነርስ»

«ደብሊነርስ» የደብሊን ሰዎች ማለት ነው። 15 አጫጭር ታሪኮች አሉት፣ ቋንቋው ግልጽ ነው። መካከለኛ እንግሊዝኛ ያለው ሰው ያለ ችግር ያነበዋል። የቅጂ መብቱ ስላበቃ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፣ ስልካችሁ ላይ ማውረድ ትችላላችሁ።

መጽሐፉ ለማተም ያሳየው አበሳ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አንድ የለንደን አሳታሚ በ1906 ተቀብሎ ወዲያው ፈራ፣ «ይህን ቃል አውጣ፣ ያን አንቀጽ ቁረጥ» አለው። በ1912 ደብሊን ያለ ሌላ አሳታሚ ዘንድ ሥራው ወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ ሉሆቹ እንዲጠፉ ተደረገ። የደብሊን ሰዎች፣ ሱቆችና መጠጥ ቤቶች በእውነተኛ ስማቸው መጠራታቸው አንዱ የጭቅጭቁ ምክንያት ነበር። ጆይስ በዚያው ሰሞን ከአየርላንድ ወጣ፣ አልተመለሰም። መጽሐፉ የወጣው በ1914 ነው፣ ያውም መጀመሪያ በፈራው በዚያው የለንደን አሳታሚ።

ከመጀመሪያው ታሪክ አትጀምሩ። ሦስተኛውን፣ «አራቢ»ን ክፈቱ። ጥቂት ገጽ ነው። አንድ ልጅ የጓደኛውን እህት ይወዳል። ባዛር ሄጄ ስጦታ አመጣልሻለሁ ይላታል። ገንዘቡን የሚሰጠው አጎቱ አምሽቶ ይመጣል፣ ልጁ ሲደርስ ባዛሩ እየተዘጋ፣ መብራቱ እየጠፋ ነው። ሌላ ምንም የለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ታዲያ ምን ሆነ?» ካላችሁ መልሳችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት አንቀጾች ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሆነው ነገር ልጁ ውስጥ ነው የሆነው፣ በድንገት ራሱን አየ።

ለዚህ ዓይነቱ ቅጽበት ጆይስ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል ተውሷል፣ ኤጲፋንያ። እኛ ዘንድ ቃሉ እንግዳ አይደለም፣ በግዕዙ አስተርእዮ የምንለው ነው፣ መገለጥ። አንድ ተራ ነገር፣ አንድ የተቆራረጠ ወሬ፣ አንድ የሰው እንቅስቃሴ ድንገት ውስጡን የሚያሳይበት ሰዓት። እነዚህን ታሪኮች ስታነቡ ሴራ አትፈልጉ። የተገለጠው ምንድን ነው? ለማን? ባለታሪኩ ሳያየው እኛ ብቻ ያየነውስ አለ? እነዚህን ከጠየቃችሁ ይበቃል።

ቀጥሎ «ኤቭሊን»። ጨካኝ አባቷን ትታ ከአንድ መርከበኛ ጋር ወደ ቦነስ አይረስ ልትሄድ የተነሳች ወጣት ናት። እናቷ ስትሞት ቤቱን ጠብቂ ብላ አስምላታለች። ወደቡ ድረስ ሄዳ የብረት አጥሩን ጨብጣ ትቀራለች። ለመሄድ ሻንጣ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው፣ ወይም ሄዶ የቀረ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ታሪክ ሳይነካው አይጨርሰውም።

ከዚያ መሃል ያሉትን በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል አንብቧቸው፣ የመጨረሻውን ግን ለመጨረሻ አቆዩት። «ዘ ዴድ»፣ ሙታኑ። እኔ ከጆይስ ሥራዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። የገና ሰሞን ነው፣ ሁለት አሮጊት እህትማማቾች ሊፊ ወንዝ ዳር ባለው ቤታቸው ግብዣ አድርገዋል። የእህታቸው ልጅ ጋብሪኤል ንግግር ያደርጋል፣ ዝይ ይቆርጣል፣ ይጨነቃል። ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ ሚስቱ ግሬታ ደረጃው ላይ ቆማ ከላይ የሚመጣ የድሮ ዘፈን ትሰማለች። ሆቴል ሲደርሱ ታለቅሳለች። በልጅነቷ ጎልዌይ ውስጥ ያንን ዘፈን ይዘፍንላት የነበረ ማይክል ፊዩሪ የሚባል ልጅ ነበር። ታሞ እያለ ልትሰናበተው ስትል በዝናብ መስኮቷ ሥር ቆሞ ነበር፣ ከዚያም ሞተ። ባልየው ከአንድ የሞተ የ17 ዓመት ልጅ ጋር በፍቅር ሲወዳደር ራሱን ያገኘዋል። ኖራም ጎልዌይ ሳለች ይወዳት የነበረና በወጣትነቱ የሞተ ልጅ ነበራት። ጆይስ ታሪኩን የሠራው ከሚስቱ ትዝታ ነው።

የመጨረሻውን ገጽ ድምፃችሁን አሰምታችሁ፣ ሳትቸኩሉ አንብቡ። በረዶ በመላው አየርላንድ ላይ ይወርዳል፣ በሕያዋንና በሙታን ላይ። አንዱን ሐረግ ብሎ ወዲያው ቃላቱን ገልብጦ ይደግማቸዋል፣ ልክ አዝማች ሲመለስ እንደሚሰማው። እዚያ ጋ ነው ጆይስ ዘፋኝ እንደነበር በጆሯችሁ የምታረጋግጡት።

ሁለተኛው መጽሐፍ

በ1916 የታተመው «የጥበብ ሰው በወጣትነቱ» ስቲቨን ዴዳለስ የሚባል ልጅ የሚያድግበት ልብ ወለድ ነው። ስቲቨን በብዙ ነገር ጆይስ ራሱ ነው፣ ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ገንዘብ አባካኝ አባት፣ ያው የእምነት ውጣ ውረድ። አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ግን ረጃጅም ናቸው።

እዚህ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ቋንቋው ከልጁ ጋር ያድጋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አባት ለሕፃን ስለ ላም የሚነግረው ተረት በሕፃን አፍ ነው የተጻፈው። ስቲቨን አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ ዓረፍተ ነገሮቹ የልጅ ናቸው፣ አጫጭርና ስሜት ብቻ፣ ብርድ፣ ሽታ፣ ድምፅ። ኮሌጅ ሲደርስ ፍልስፍና ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ገጾች «የተዘበራረቁ» ቢመስላችሁ አትደናገጡ።

የገና ምሳው ትዕይንት እንዳያመልጣችሁ። ፓርኔል የአየርላንድ የፖለቲካ መሪ ነበር፣ ከአንዲት ባለትዳር ሴት ጋር ያለው ግንኙነት አደባባይ ሲወጣ ጳጳሳቱም የራሱ ሰዎችም ተነሱበት፣ በ1891 ሞተ። ምሳው ላይ አባትና አንድ ወዳጁ ለፓርኔል፣ ልጁን የምታሳድገው ዘመድ ሴትዮ ለቀሳውስቱ ወግነው ይጣላሉ። ስቲቨን ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር እንዲቀመጥ የተፈቀደለት ቀን ነው። አባቱ ሲያለቅስ ያያል። የቤተሰብ ማዕድ በፖለቲካ ሲበጠበጥ ያየ ሰው እዚህ ጋ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የገሃነም ስብከት አለ፣ ረጅምና አስፈሪ ነው። ከከበዳችሁ አጠር አድርጋችሁ እለፉት፣ አትቁሙ። አምስተኛው ላይ ግን ቀስ በሉ። ስቲቨን ከአንድ እንግሊዛዊ ካህን መምህር ጋር ስለ አንዲት ተራ የማንቆርቆሪያ ዕቃ ስም ይነጋገራል። ካህኑ ስቲቨን የሚጠራበትን ቃል ሰምቶት አያውቅም፣ የአይሪሾች ቃል ይመስለዋል። ስቲቨን በልቡ ያስባል፦ የምንናገረው ቋንቋ ከእኔ በፊት የሱ ነው። ቤት፣ ክርስቶስ፣ ጌታ የሚሉት ቃላት እንኳን በሱ አፍና በእኔ አፍ እኩል አይደሉም። ይህን ገጽ በተውሶ ቋንቋ ተምሮ በተውሶ ቋንቋ ፈተና የተፈተነ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። በኋላ ላይ ስቲቨን ያቺ ቃል የራሷ የእንግሊዝኛ መሆኗን መዝገበ ቃላት አይቶ ያረጋግጣል፣ ይናደዳልም።

«ዩሊሲስ»ን ስትከፍቱ

አሁን ወደ ትልቁ። በመጀመሪያ ፍርሃቱን እናቅልለው፣ ታሪኩ አንድ ቀን ነው። ሐሙስ፣ ጁን 16 ቀን 1904፤ ከኖራ ጋር አብረው የወጡበት ቀን። ሊዮፖልድ ብሉም ለጋዜጣ ማስታወቂያ እያፈላለገ የሚኖር የ38 ዓመት ሰው ነው። ጠዋት ለሚስቱ ቁርሷን አልጋዋ ድረስ ይወስድላታል፣ ቀብር ይሄዳል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ምሳ ይበላል፣ ከተማውን ሲዞር ውሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ሞሊ ዘፋኝ ናት። ከሰዓት በኋላ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ቦይላን የሚባል ሰው ቤቷ እንደሚመጣ ብሉም ያውቃል። ለምን እንደሚመጣም ያውቃል። ሩዲ የሚባል ወንድ ልጃቸው በተወለደ በ11 ቀኑ ሞቶባቸው ከዚያ ወዲህ ትዳሩ እንደ ድሮው አይደለም። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ የተዋወቅነው፣ አሁን እናቱ የሞተችበት ስቲቨን ዴዳለስም በዚያው ቀን ከተማው ውስጥ ሲንከራተት ይውላል። ልጅ ያጣ አባትና አባት ያነሰው ልጅ ሌሊት ላይ ይገናኛሉ። ይህን ከያዛችሁ መንገድ አይጠፋችሁም።

በሩ የት ነው? አራተኛው ምዕራፍ። መጽሐፉ በስቲቨን ይጀምርና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ በባሕር ዳር ሲሄድ ሐሳቡ ውስጥ ይዘፈቃል፣ ብዙ ሰው የሚሰምጠው እዚያ ነው። አራተኛው ላይ ግን ብሉም ማዕድ ቤቱ ውስጥ ነው። የሚገርመው ሰዓቱ ወደኋላ ይመለሳል፦ አንደኛውና አራተኛው ምዕራፍ ሁለቱም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ 4፣ 5፣ 6ን አንብባችሁ ከዚያ ወደ 1፣ 2፣ 3 ብትመለሱ የምታጡት ነገር የለም። ስድስተኛው ቀብሩ ነው። ሠረገላ ውስጥ አራት ሰዎች ስለ ሞት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ አየር ሁኔታ ያወራሉ፣ ብሉም ደግሞ የአባቱንና የልጁን ሞት እያሰበ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ይህን ሰውዬ አትለቁትም።

ገጹ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ጆይስ ለንግግር ትእምርተ ጥቅስ አይጠቀምም፣ መስመር ብቻ ያስቀድማል። «ብሎ አሰበ» አይልም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ብሉም ምን እንዳደረገ ይነግራችኋል፣ የሚቀጥለው የብሉም ሐሳብ ነው፣ በሩ ሳይንኳኳ ትገባላችሁ። ብሉም ባርኔጣው ውስጥ የተጻፈውን የሠሪውን ስም ያያል። «ሃት» ከሚለው ቃል የመጨረሻው ፊደል ጠፍቷል፣ ጆይስ ቃሉን እንደ ጎደለ «ሃ» ብሎ ይተወዋል። ማብራሪያ የለም። ዓይኑ ያየውን ብቻ አያችሁ። ዘዴው ይኸው ነው፣ ከገባችሁ ግማሹ መጽሐፍ ተከፈተላችሁ። የብሉም ሐሳብ አጫጭርና የተቆረጠ ነው፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ሰው ችግር። የስቲቨን ደግሞ በመጻሕፍት የተጨናነቀ ነው። ሁለቱን በድምፃቸው መለየት ትለምዳላችሁ።

ድምፅ ካልኩ አይቀር፣ እዚያው አራተኛው ምዕራፍ ላይ ድመቷን ስሟት። «ሚያው» አትልም። ጆይስ በክ፣ በር፣ በግ እና በን የተዘበራረቀ አዲስ ቃል ይሠራላታል፣ ወተት ፈልጋ በጮኸች ቁጥርም አንድ ፊደል ይጨምርበታል። ጮክ ብላችሁ ካላነበባችሁት የፊደል ስህተት ይመስላችኋል። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የማተሚያ ማሽኑም የራሱ ድምፅ አለው፣ ብሉም ማሽኑ እያናገረው ይመስለዋል፣ ሁሉም ነገር በየራሱ መንገድ ይናገራል ይላል። ጆይስን በአንድ መስመር ግለጽ ብባል ያቺን ነው የማነሳው።

የጥንቱን የግሪክ ገጣሚ ሆሜርን ማንበብ አለብን ወይ? ለመጀመሪያ ንባብ የለባችሁም። ዩሊሲስ የሆሜር ጀግና የኦዲሴዩስ የላቲን ስም መሆኑን፣ ብሉም ወደ ቤቱ የሚመለሰው መንገደኛ፣ ስቲቨን ልጁ፣ ሞሊ ደግሞ ቤት የምትጠብቀው ሚስት መሆኗን ካወቃችሁ ይበቃል። የምዕራፎቹ የግሪክ ስሞች መጽሐፉ ላይ የሉም፣ ጆይስ ለወዳጆቹ በሰጣቸው ንድፍ ላይ ነው ያሉት። ማስታወሻ ያለው መጽሐፍ ካላችሁ ምዕራፉን አንዴ ሳትቆሙ አንብቡ፣ ከዚያ ማስታወሻውን አገላብጡ፣ ከዚያ ደግሞ ምዕራፉን። በየመስመሩ ከቆማችሁ ሙዚቃው ይበላሻል።

ከ7 እስከ 18 ያለውን መንገድ በችኮላ ላሳያችሁ። ስምንተኛው ምሳ ነው፣ ረሃብ ያለበት ሰው ባያነበው ይሻለዋል። ዘጠነኛው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሼክስፒር የሚደረግ ክርክር ነው፣ ከከበደ በፍጥነት እለፉት። አስረኛው 19 ትንንሽ ትዕይንቶች አሉት፣ ቀላልና ውብ ነው፣ ድካም ይመልሳል። አስራ አንደኛው ሙሉ በሙሉ ሙዚቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ የተበጣጠሱ መስመሮች ታገኛላችሁ፣ መሣሪያ ሲቃኝ እንደመስማት ቁጠሩትና ቀጥሉ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ በኋላ ቦታዋን ትይዛለች። አስራ ሦስተኛው በ1921 ኒው ዮርክ ላይ በየክፍሉ ሲያወጡት የነበሩትን ሁለት የመጽሔት አዘጋጅ ሴቶች ፍርድ ቤት ያስቀጣ ምዕራፍ ነው። አስራ አራተኛው የእንግሊዝኛን የአጻጻፍ ታሪክ ከጥንት ጀምሮ እየመሰለ የሚሄድ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝለሉት፣ ማንም አይከሳችሁም። አስራ አምስተኛው እንደ ቴአትር የተጻፈ ረጅም ቅዠት ነው። አስራ ሰባተኛው በጥያቄና መልስ ነው፣ እንደ ትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ፣ ቀስ ብሎ ልብ የሚሰብር።

አስራ ሁለተኛውን ሆን ብዬ አስቀርቼዋለሁ፣ እሱ ላይ እንድትቆዩ እፈልጋለሁ። መጠጥ ቤት ነው። ስሙ የማይጠራ ብሔርተኛ ሰውዬ ሁሉም የሚፈራው ውሻ ይዞ ተቀምጧል፣ ስለ አገርና ስለ ባዕድ ይደነፋል። የብሉም አባት ከሃንጋሪ የመጣ አይሁድ ነበር። ሀገርህ የት ነው ሲሉት ብሉም አየርላንድ ነው፣ እዚህ ነው የተወለድኩት ይላል። ሰውዬው መልስ አይሰጥም፣ ምራቁን ይተፋል። ብሉም ጎበዝ ተናጋሪ አይደለም፣ እየተንተባተበ ነው ኃይልና ጥላቻ ለሰው ልጅ ሕይወት አይደለም የሚለው። ታዲያ ምንድን ነው ሲሉት ፍቅር ይላል፣ የጥላቻ ተቃራኒ ማለቴ ነው ይልና ወጥቶ ይሄዳል። ሲመለስ ያባርሩታል፣ ሰውዬው የብስኩት ጣሳ ይወረውርበታል። ጆይስ ይህን የጻፈው በ1919 ዙሪክ ሆኖ ነው፣ አውሮፓ ገና ሬሳዋን ቀብራ ሳትጨርስ። መቶ ዓመት አልፎታል፣ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ትናንት የተጻፈ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሞሊ ነው። ሌሊት አልጋዋ ላይ ተጋድማ ታስባለች፣ ስምንት እጅግ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች፣ ነጥብና ሰረዝ የለም ማለት ይቻላል። ሰው የሚፈራው ይህን ነው፣ ሲያነቡት ግን ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ወሬ ነው። ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ነጥቡ የት እንዳለ ትንፋሻችሁ ይነግራችኋል። በአዎ ይጀምራል፣ በአዎ ያልቃል።

ማንበቡ ከከበደ መስማትም ይቻላል። የአየርላንድ ብሔራዊ ሬዲዮ አርቲኢ በ1982፣ በጆይስ 100ኛ የልደት ዓመት፣ መጽሐፉን ሳይቆርጥ በተዋንያን ድምፅ ሠርቶታል። 30 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መጽሐፉን ገልጣችሁ እየሰማችሁ ተከተሉ፣ ቋጠሮው ብዙ ቦታ ላይ በራሱ ይፈታል። እኔ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያለፍኩት በዚህ መንገድ ነው።

መጽሐፉ እንዴት እንደታተመም ብታውቁ ጥሩ ነው። የኒው ዮርኩ ፍርድ ቤት ካገደው በኋላ አሳታሚ ሁሉ ሸሸ። ፓሪስ ውስጥ «ሼክስፒር ኤንድ ካምፓኒ» የሚባል የመጻሕፍት ሱቅ የነበራት ሲልቪያ ቢች፣ መጽሐፍ አሳትማ የማታውቅ አሜሪካዊት፣ እኔ አወጣዋለሁ አለች። ጆይስ ማረሚያው በመጣለት ቁጥር ዳሩ ላይ አዲስ ጽሑፍ እየጨመረ አታሚዎቹን አስመረራቸው። አታሚዎቹ ካሉበት ከዲዦን የተላኩት የመጀመሪያ ሁለት ቅጂዎች ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922፣ 40 ዓመት በሞላው ቀን፣ በጠዋት ባቡር ፓሪስ ደረሱ። አሜሪካ ውስጥ ዳኛ ዉልሲ መጽሐፉ እንዲገባ የፈቀዱት በዲሴምበር 1933 ነው።

«ፊኔጋንስ ዌክ»ስ?

በ1939 የወጣ፣ 17 ዓመት የፈጀ የመጨረሻ ሥራው ነው። ከዳር እስከ ዳር አንብቡት አልላችሁም። ግን ሰምና ወርቅ ያደገበት ጆሮ ለዚህ መጽሐፍ ከብዙው አንባቢ የተሻለ ዝግጅት አለው። አንዱን ቃል ሁለት ሦስት ትርጉም ያሸክመዋል፣ ያውም ከብዙ ቋንቋ እየቀላቀለ። ርዕሱ ራሱ ኅብረ ቃል ነው፦ «ዌክ» በእንግሊዝኛ ሬሳ ፊት ተሰብስቦ የሚታደርበት ሌሊት ነው፣ ደግሞም መንቃት ነው። ስሙን የሰጠው የቆየ ዘፈን ላይ ፊኔጋን ከመሰላል ወድቆ ይሞታል፣ ለቀስተኞቹ ሲጣሉ ውስኪ ሲደፋበት ይነሳል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ይቆማል፣ ቀሪው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አለ።

እንዲህ አድርጉ። ስምንተኛውን ምዕራፍ ብቻ ውሰዱ፣ ከሱም የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች። ሁለት ልብስ አጣቢ ሴቶች በወንዙ ግራና ቀኝ ሆነው ስለ አና ሊቪያ ያማሉ። እሷ ሴት ናት፣ የሊፊ ወንዝም ናት። ምዕራፉ ውስጥ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወንዝ ስሞች ተሰግስገዋል። እየመሸ ወንዙ ይሰፋል፣ ሴቶቹ መደማመጥ ያቅታቸዋል፣ «ምን አልሽ?» ይባባላሉ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ዛፍ አንዷ ድንጋይ ትሆናለች። በ1929 ጆይስ ራሱ እነዚህን ገጾች ሲያነብ ድምፁ ተቀርጿል፣ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። መጽሐፉን አትክፈቱ፣ መጀመሪያ መብራት አጥፍታችሁ እሱን ስሙት። ደብሊን ላይ ያለውን የሴቶቹን አነጋገር እየመሰለ ያነባል፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል። ከዚያ ገጹን ከፍታችሁ እናንተ አንብቡት።

ደብሊን ከሄዳችሁ

በየዓመቱ ጁን 16 የብሉም ቀን ይባላል፣ ሰዉ የዘመኑን ባርኔጣ አድርጎ መጽሐፉን በየመንገዱ ያነባል። «ዩሊሲስ» የሚጀምርበት ሳንዲኮቭ ያለው የባሕር ዳር ግንብ አሁን ሙዚየም ነው። ብሉም የሎሚ ሳሙና የገዛበት የስዌኒ መድኃኒት ቤት መድኃኒት መሸጥ ትቷል፣ በጎ ፈቃደኞች ይዘውት ጆይስን ጮክ ብለው እየተቀባበሉ ያነቡበታል፣ ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ተራ ይደርሳችኋል። ኤክልስ ጎዳና ቁጥር 7 ያለው የብሉም ቤት ፈርሷል። ብሉም ያን ሌሊት ቁልፉን ረስቶ በአጥሩ ብረት ተንጠላጥሎ ነው የገባው። ጆይስ ይህን ሲጽፍ ፓሪስ ነበር፣ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ደብሊን ላሉት አክስቱ ጆሴፊን «አንድ ተራ ሰው በዚያ አጥር ተንጠልጥሎ ሳይጎዳ መውረድ ይችላል ወይ?» ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ጠይቋቸዋል። የዚያ ቤት በር ግን ተርፏል። ሰሜን ግሬት ጆርጅ ጎዳና ያለው የጄምስ ጆይስ ማዕከል ውስጥ ቆሟል፣ ሄዳችሁ በእጃችሁ መንካት ትችላላችሁ።